ሚስ ፓት ዘመድ ሲፈልጉ፣ እኔ ዘመድ ስፈራ

ወደ አትላንታ ልንሄድ በዋዜማው ምሽት ቤታችን በሸኚ ተሞልቶ ነበር። አንዷ ጎረቤት ሻንጣውን ትከፍታለች፣ ሌላዋ ትዘጋለች፣ በርበሬው ይገባል፣ ብርድ ልብሱ ይወጣል፣ ሁሉም ያዛል። ጋሼ ደምሴ ግን ወደ ሻንጣው ዞር ብለውም አላዩ። ጋሼ ደምሴ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ከመርሐቤቴ በአውቶቡስ የመጡት እኛን ለመሸኘት ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጄን ሜሮንን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣

"ይቺ ልጅ ሰባት ቤት ሳትቆጥር አገር አትወጣም" አሉ።

"ኧረ ጋሼ፣ ልጅቷ ደክሟታል፣ ትተኛ" አልኩ።

"አንቺ ዝም በይ። ሰው አገር ማን የማን እንደሆነ አይታወቅም። የአባቷን ወገን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወንድሞቹ አስቆጥረዋታል። የእኛን ደግሞ እኔ ነኝ የማስቆጥራት። በይ የኔ እመቤት፣ እናትሽ ማናት?"

"ብርቄ።"

"የብርቄ እናት?"

"አበበች።"

"የአበበች አባት?"

"ተሰማ።"

"የተሰማ አባት?"

"ደስታ…" አለችና ራሷ ደረታቸው ላይ ዘንበል አለ። አራተኛው ላይ እንቅልፍ ጣላት። ጋሼ በጋቢያቸው ሸፈኗትና "በቃ፣ ከዚህ እንቀጥላለን" አሉ። መቼ እንደምንቀጥል ግን እሳቸውም አልተናገሩ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ልቤ ሻንጣው ላይ ነበር።

እዚህ ለተወለዳችሁ ልጆች ልንገራችሁ። በእኛ ደንብ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት በአባትም በእናትም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። መሐል ላይ አንድ አያት ከተገናኘ ነገሩ ፈረሰ ማለት ነው፤ ወንድምና እህት ናቸው። ቀልድ አይደለም። እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፣ ብዙ ነገር አላውቅም፣ ይህን ግን አውቃለሁ።

አትላንታ አየር ማረፊያ ስንደርስ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን አደረገና በአስተርጓሚ ይጠይቀኝ ጀመር።

"ይቺ ልጅ ያንቺ ናት?"

"የኔ ናት።"

"ታዲያ የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ተለያየ?"

"የእኔ የአባቴ ስም ነው። የእሷ የአባቷ ስም ነው።"

"የቤተሰቡ ስምስ?"

"ቤተሰቡማ ስም የለውም።"

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ መመለሴ ነው ብዬ ሜሮንን ወደ ራሴ ሳብኳት። "የልጄን አያቶች ስም አንድ በአንድ ልቁጠርለት በለው" አልኩ። አስተርጓሚው ወጣት አበሻ ነው፤ ጎንበስ ብሎ "እትዬ፣ ይህን አልተረጉምም፣ ከኋላሽ ያለውን ሰልፍ እዪው" አለኝ። አንድ ሌላ ነገር ብሎ አሳለፈን። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክላርክስተን ገባን። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሶማሌው፣ በርማው፣ ኔፓሉ፣ አበሻው ባንድ ግቢ የሚኖርበት ነው። ሙቀቱ ልክ እንደ አገራችን የጀማ በረሃ ነው፤ ጀማ ላይ ግን ላብሽን ነፋስ ያደርቅልሻል፣ እዚህ ተለጥፎብሽ ይውላል። መጀመሪያ ሆቴል አልጋ አነጠፍኩ፣ ወገቤ እምቢ ሲል ቤት ለቤት አሮጊት ወደ መንከባከብ ዞርኩ። መኪና መንዳት እያለቀስኩ ተማርኩ። ሜሮን አደገች፣ ኮሌጅ ገባች፣ ፋርማሲ ተቀጠረች። እኔ ግን ከዚያ ከመጣሁባት ቀን ጀምሮ አንድ ፍርሃት አልለቀቀኝም፤ የሆነ ነገር አጎድያለሁ፣ የሆነ ነገር ረስቻለሁ የሚል።

ከምንከባከባቸው አንዷ ሚስ ፓት አትላንታ ዳር፣ ስማይርና ነው የሚኖሩት። በእንግሊዝኛ አንቺና እርስዎ አንድ ነው፤ እኔ ግን በልቤ እርስዎ ነው የምላቸው፣ እናቴን ያህላሉ። እግራቸው አይታዘዝም፣ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ ነው። ዘራቸው አይሪሽ ነው፤ ቅድመ አያታቸው ማይክል ዶላን ከአየርላንድ፣ ሜዮ ከሚባል አውራጃ፣ በመርከብ ነው የመጣው። የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ምግብ ተቀምጦ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ግልባጭ፣ የመርከብ ተሳፋሪ ዝርዝር፣ ጥርስ የሌላቸው ሰዎች ፎቶ ነው የሞላበት። ምሳቸውን በትሪ ጭናቸው ላይ አቀርባለሁ። የሚወዱት ድንችና ጥቅል ጎመን አብሮ ተቀቅሎ ተፈጭቶ ነው። ስታዪው የጾም ይመስላል፣ ግን መሐሉ ላይ ቅቤ ይቀበርበታል። በርበሬ ጠብ አይልበትም። ሳዝንላቸው "በርኪ፣ ቅመሺው" ይሉኛል፤ በርኪ እኔ ነኝ።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይሞቱ ሜዮ ውስጥ ያለ አንድ የሥጋ ዘመድ ማግኘት። የሕዝብ ቆጠራው ወረቀት ብዙው በጦርነት ጊዜ ደብሊን ላይ ተቃጥሏል አሉኝ። ስለዚህ የቀራቸው የደብር መዝገብና የሽማግሌ ትዝታ ነው፤ ምራቃቸውንም ዘር ለሚመረምሩ ሰዎች ልከዋል። ቦስተን ኖራ የሚባሉ የአጎታቸው ልጅ አሉ፤ ዘጠና አልፏቸዋል። ሚስ ፓት ስልክ ይደውሉላቸውና ይጮሃሉ፣ እሳቸውም ይጮሃሉ።

አንድ ቀን ስልኩን ሲዘጉ እንዲህ አሉኝ፣ "አሮጊት ስትጠይቂ ስም አትጠይቂ በርኪ። ስም ከጠየቅሻት ትጨነቃለች። ማን ሰርግ ላይ ማን ጠጥቶ ወደቀ፣ ማን ቀብር ላይ ማን አብዝቶ አለቀሰ ብለሽ ጠይቂያት። ስሙ ራሱ ከኋላ ተከትሎ ይመጣል።"

ሳቅሁ። ይህ ምክር እንደሚያስፈልገኝ ያኔ አላወቅሁም።

ሜሮን ቢኒያምን አመጣችው። ሆስፒታል ነርስ ነው፣ ትሑት ልጅ፣ ጫማውን በር ላይ የሚያወልቅ። ደስ አለኝ። የአባቱ የአቶ ሙሉጌታ አገር መርሐቤቴ ነው ሲለኝ ደግሞ ባሰ ደስ አለኝ፤ የአገሬ ልጅ ብዬ። እዩት የእኔን ጅልነት! በዚያች ደቂቃ ነበር መደንገጥ የነበረብኝ። አገር አንድ ከሆነ አያትም አንድ ሊሆን ይችላል። ሰው አገር ሲኖሩ ግን የአገር ልጅ ማለት በረከት ብቻ ይመስላል።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። አራት ናቸው፣ ሱፍ ለብሰው ነጠላ አጣፍተው፤ አንዱ አቶ ሙሉጌታ ናቸው። በደንቡ አባት ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። "እዚህ አገር ሰው ከየት ይመጣል፣ በሺፍት ነው የሚኖረው፣ የጎደለውን እኔው ልሙላ ብዬ ነው" አሉ። "ተቀመጡ" ብንል እንደ ወጉ አልቀመጥ አሉ፣ ቆመው ነገሩን ጀመሩ። በእኔ በኩል የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት አቶ ታደሰ ነበሩ። የቢኒያም የአባት ወገን ተቆጠረ፣ የሜሮን አባት ወገንም ተቆጠረ፤ የሚገናኝ የለም። ተመስገን አልኩ። ከዚያ አቶ ሙሉጌታ ኩራት ቢጤ መጣባቸው።

"በእናቴም ቢሆን የዋዛ ሰው አይደለሁም" አሉ። "የእናቴ አያት ወይዘሮ ጥሩወርቅ የግራዝማች ውብነህ ልጅ ናቸው! የመርሐቤቴው!"

ደሜ ቀጥ አለ።

ግራዝማች ውብነህን አውቃቸዋለሁ። ከእናቴ አፍ ነው የሰማሁት። ደስታ፣ ያ ሜሮን እሱ ላይ ያንቀላፋችበት፣ አባቱ ግራዝማች ውብነህ ናቸው። በጣቴ ከነጠላዬ ስር ቆጠርኩ። ለሜሮን አምስተኛ ቤት። ለቢኒያምም ቆጠርኩ። አምስተኛ ቤት።

አቶ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ፣ "እንግዲህ የእናቷ ወገንስ?" ሊሉ ነው። በዚያው ቅጽበት በሩ ተንኳኳ። የአፓርትመንቱ ማናጀር ናት፣ ሬዲዮዋን ይዛ።

"ሚስ ብርቄ፣ ሰው ሞተብሽ?"

"አልሞተብኝም። ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ናቸው።"

አራቱን ሰዎች አየቻቸው። "ታዲያ ለምን ፈገግ አይሉም?"

"ገና እሺ አላልኩም።"

"እሺ እስክትይ ነጩን መኪና ያንሱ። የሌላ ሰው ቦታ ላይ ነው ፓርክ ያደረጉት፣ ቶው አድርጎ ጎትቶ የሚወስደው ሰውዬ መጥቷል።"

አቶ ሙሉጌታ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። በመስኮት ሳይ መኪናው የኋላ እግሩ ተነስቷል፣ አራት ሽማግሌዎች እየለመኑት ነው። እኔን ለመለመን የመጡ ሰዎች የቶው ሰውዬን ሲለምኑ ሳይ በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ላብ ላብ እያሉ ሲመለሱ አቶ ታደሰን ጠጋ ብዬ "ቀጠሮ ይሰጠን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ" አልኳቸው። ማንም አልጠረጠረም። ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን እሺ ተብላ አትሰጥም፤ ደንቡ አዳነኝ።

ሜሮን ግን ታውቀኛለች። ሲወጡ መጣችብኝ።

"ማሚ፣ ዋት ሃፐንድ? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

ነገርኳት። መደበቅ አልሆነልኝም።

"ሲሪየስሊ? ማሚ፣ ሰውዬው እኮ ከሞተ መቶ ዓመት ሆኖታል!"

"መቶም ይሁን ሁለት መቶ፣ ደም ነው።"

"ኦኬ፣ ታዲያ እንደ ሚስ ፓት በምራቅ ቴስት እናድርግ።"

"እኔ ምራቅ አላምንም።"

"ላይክ፣ ምንድን ነው የምታምኚው ታዲያ?"

"ጋሼ ደምሴን።"

ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችኝ፤ ይሄ ነው ከጩኸቷ የባሰኝ። "ማሚ፣ እሺ ካላልሽኝ አላገባውም። ግን ዋሽተሽ እምቢ አትበይኝ። ዋሽተሽም እሺ አትበይኝ። እውነቱን ብቻ።"

በማግስቱ ስልክ መደወል ጀመርኩ። ያኔ አገር ቤት ኔትወርኩ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል፤ ቫይበሩ ይሽከረከራል እንጂ አይጠራም። በካርድ ስሞክር ሴትየዋ "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም" ትለኛለች። ጋሼ ደምሴ ሰማንያ አምስት አልፏቸዋል፣ በበጋው ታመው ነበር። እሳቸው ካለፉ የግራዝማችን ልጆች ነገር የሚያውቅ ሰው የለም። እየነዳሁ እደውላለሁ፣ ሚስ ፓትን እያጠብኩ ስልኬን አያለሁ። ይቺን እመቤት ደግሞ እዩልኝ፤ ጠዋት ማታ "አምላኬ፣ አንድ ዘመድ ስጠኝ" ይላሉ። እኔ ጎናቸው ቆሜ "አምላኬ፣ ዘመድ እንዳላገኝ አድርገኝ" እላለሁ። ከአንድ ክፍል ሁለት ጸሎት ሲወጣ እግዜሩስ ምን ይል?

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ለሚስ ፓት ከሜዮ መልስ መጣላቸው። ልጃቸው ስቲቭ ነው ኮምፒውተሩ ላይ ያነበበላቸው። የደብሩ ሰው የጥምቀት መዝገቡን አገላብጦ ማይክልን አግኝቶታል። የዶላን ልጅ ግን አይደለም። አባት የሚለው ቦታ ባዶ ነው፣ እናት የሚለውም ባዶ። ዶላኖቹ የተጻፉት ክርስትና አባትና ክርስትና እናት ተብለው ነው። በድንቹ ረሃብ ጊዜ በራቸው ላይ የተጣለ ሕፃን አንስተው ያሳደጉት ነው። የምራቁ ቴስትም ተመልሶ ነበር፤ ከሜዮ ዶላኖች ጋር ምንም አይገናኝም።

ስቲቭ ሳቀ። "እማዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ዘመድ ነው የፈለግሽው። እኛ ዶላን አይደለንም።"

ሚስ ፓት ትሪውን ገፉት፣ ድንቹ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። "ሰው ልጁን በሚቀብርበት ዘመን የማይክልን አፍ ማን አበላ?" አሉ። "ከራሳቸው ልጅ አፍ ላይ ነጥቀው ነው ያጎረሱት። ያጎረሰህ አባትህ ነው! ዶላን ነኝ። አንተም ዶላን ነህ። አይደለም ካልክ ከቤቴ ውጣ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ "ውሸት ነው በርኪ?"

ምንጣፉን እየጠረግሁ ነበር። "እውነት ነው ሚስ ፓት" አልኳቸው። "ያሳደገ ነው አባት።" ከልቤ ነበር ያልኩት። ከሆዴ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሥራ ሳልገባ፣ ስልኩ ጠራ። ያነሳችው የጋሼ ልጅ የሺ ናት።

"ብርቄ! በሕይወት አለሽ? ቆይ ጆሮው ላይ ላድርግለት፣ አይሰማም፣ ጩሂ።"

"ጋሼ! ብርቄ ነኝ! እንዴት ነዎት?"

"ማን?"

"ብርቄ! የአበበች ልጅ!"

"አበበችማ ሞተች።"

"ልጇ ነኝ ጋሼ! የግራዝማች ውብነህ ልጆች እነማን ነበሩ?"

"ልጆች? ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ከብት ሊያጠጡ ሄደዋል።"

ስም በጠየቅሁ ቁጥር ባሰባቸው። ደስታን ከተሰማ ያደባልቃሉ፣ ከዚያ ይናደዳሉ። ስልኩ እንዳይቋረጥ ነፍሴ ተንጠልጥላለች። ያኔ ነው የሚስ ፓት ምክር ትዝ ያለኝ።

"ጋሼ፣ ጥሩወርቅ ስትዳር ማን አለቀሰ?"

ትንፋሻቸው ሲለወጥ ተሰማኝ። "ጥሩዬ?" አሉ፣ ድምፃቸው የወጣት ሆነ። "አያቴ ደስታ ነዋ! ወንድሟ! የበቅሎዋን ልጓም ይዞ አልለቅም ብሎ ሚዜዎቹ ናቸው ጎትተው ያስለቀቁት። ሸምግሎም ሲያወራው እንባው ይመጣ ነበር።"

እህትና ወንድም። አለቀ። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

"ሥጋው ግን አልነበረችም" አሉ ጋሼ።

"ምን አሉኝ?"

"ሥጋው አይደለችም። በዚያ በክፉ ቀን፣ ከብቱ አልቆ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ግራዝማች ከመንገድ ዳር ነው ያገኟት። እናቷ ሞታ እሷ ላይዋ ላይ ትድሃለች። አንስተው አመጧት።"

እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ደም የለም! ሰርጉ ታየኝ፣ ሜሮን ታየችኝ። ጋሼ ግን አልጨረሱም።

"ቄሱ ተጠሩ፣ አገር ተሰበሰበ። ግራዝማች ጡታቸውን ማር ቀብተው አስጠቧት። የጡት ልጃቸው ናት። ቆመው ማሉ፤ 'ይቺ ልጄ አይደለችም የሚል ልጅ ቢኖረኝ፣ እሱም ልጄ አይሁን' አሉ። አያቴ ይህን ሲነግረኝ እጄን ይዞ ነው።"

የከፈትኩት አፌ እንደተከፈተ ቀረ። እኔ የማን ልጅ ነኝ? የደስታ። ደም የለንም፣ ይጋቡ ካልኩ፣ ጥሩወርቅ ልጅ አይደለችም አልኩ ማለት ነው። እህት ናት ካልኩ ደግሞ የልጄን ትዳር በገዛ እጄ አፈረስኩ። ከሁለት ቀን በፊት ምንጣፍ እየጠረግሁ ምን ነበር ያልኩት?

"ታዲያ ጋሼ፣ የልጅ ልጆቻቸው ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም?"

"እኔ ምን አውቄ? ደም ካልሽ የለም። ቃል ካልሽ አለ። ቄስ ጠይቂ።"

"ይህን ነገር ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?"

"ማን ቀርቶ! እኔና አንቺ ነን።"

እኔና እሳቸው ብቻ። አንድ ቃል አስቀርቼ "በደም አይገናኙም" ብል እውነት ነው። ማንም ውሸታም አይለኝም። ሽማግሌዎቹ የሚመለሱት ቅዳሜ ነው፤ እልልታ ይሆናል። ይህን እያሰብኩ ቀና ስል ሜሮን የሥራ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።

"ያቺ ያንቀላፋችው ልጅ የት አለች?" አሉ ጋሼ በስልኩ። "ስጪኝ እስቲ። አላስጨረስኳትም።"

ስልኩን ሰጠኋት። ድምፁን ላውድ ስፒከር ላይ አደረገችው።

"አባባ፣ ሜሮን ነኝ።"

"ነቃሽ?" አሉ። "በይ፣ አራተኛው ላይ ነበርን። ማን ነበር?"

"ደስታ" አለች፤ አልረሳችውም።

"የደስታ አባት?"

አየችኝ። "ግራዝማች ውብነህ" አለች ቀስ ብላ።

"ጎበዝ! ግራዝማች ስንት ወለዱ?"

ይህን አታውቅም። ስልኩን ከደረቷ አራቅ አድርጋ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እጄን ጉልበቴ ስር ሸጉጬው ነበር። አንድ ጣት ባነሳ ሰርግ ነው። አነሳሁ፤ ሁለት ጣት።

"ሁለት" አለች ለጋሼ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ማሚ፣ ሁለተኛዋ ጥሩወርቅ ናት?"

"አዎ።"

"በደም?"

"በደም አይደለም።"

ፊቷ በራ። ያን ብርሃን እንደገና አየው ይሆን? እንጃ።

"በማር ነው" አልኳት።

"ማር?" አለች፣ ሳቋ ገና ከፊቷ ሳይወርድ። "ማር ምንድን ነው ማሚ?"

ከእጇ ላይ ጋሼ ደምሴ ይጣራሉ፣ "ሄሎ! ሄሎ! እንዳትተኛ! የግራዝማች አባትስ ማነው?"